የሞላ ቤት ዜማ

ኖቬምበር 14፣ ሐሙስ

ዛሬ ወይራ መልቀም ጀመርን። ጣቶቼ ከብርዱ የተነሳ ብዕሩን መያዝ አቅቷቸዋል።

ጎህ ሳይቀድ ከግድግዳው ማዶ ማልሓ ስትፈጭ ሰማናት፦

ቀስ በይ ወፍጮዬ፣ ቀስ በይ በዝግታ፣
ምሰሶው ተኝቷል ደክሞት ሲንገላታ።

አማቴ ናና ጁሐር ቂጣውን እያገላበጡ «የማልሓ ባል ከፈረንሳይ ገባ» አሉ። ማንም አልነገራቸውም። መንገርስ ምን ያስፈልጋል? በኛ መንደር ይህን ዜማ ወፍጮ ላይ የምታነሳው ባሏ ቤቱ ያደረ ሴት ብቻ ናት። ባሏ የሌለ ወይ የስደቱን ታንጎራጉራለች፣ ወይ ዝም ብላ ትፈጫለች። ጡት ሳንጥል የለመድነው ስለሆነ አስባበት የምታደርገው ሴት የለችም።

ምንጩ ጋ ስንደርስ ሴቶቹ ማልሓን አላስቆም አላስቀምጥ አሏት። «ደክሞት ነው አልሽ? መርከቡ ነው ያደከመው ወይስ አንቺ?» ይሏታል። እሷም ሳቋን መያዝ አቅቷት እንስራዋን ልትሰብር ነበር። ከዚያ ዞራ በኔ መጣች።

«አንቺ የሲስተሮቹ ልጅ፣ ያንቺ ወፍጮ ምነው ድዳ ሆነ?»

ሲስተሮቹ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ስለተማርኩ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። ድዳ ነው አልኳት። ባሌ አረዝቂ ከፈረንሳይ ጋር ሊዋጋ ተራራ ከወጣ ጀምሮ አንድም ቀን አላንጎራጎርኩም። ዘፈንም አልወድም። የነዚህ ሴቶች ነገር ይገርመኛል። ሲያማቸው ይዘፍናሉ፣ ደስ ሲላቸው ይዘፍናሉ፣ ከዚያ ደግሞ ማን ሰማን ብለው ይደነግጣሉ። የኔ አማት የባሱ ናቸው። ለሰባት መንደር ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ ሰው በሞተ ቁጥር በቅሎ ይላክላቸዋል።

ወደ ወይራው ስንወርድ ኬላው ላይ ቤላይድ ነበር የቆመው። የፈረንሳይ ቆብ አድርጓል። ናና ጁሐር መሬት መሬት እያዩ አለፉ። እናቱ በወሊድ ስትሞት ከአረዝቂ ጋር እኩል ጡት ሰጥተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ግራው የቤላይድ፣ ቀኙ የአረዝቂ። ባለፈው ዓመት የተራራዎቹ ልጆች አባቱን ጆሮ ጠቢ ነህ ብለው አርደው ምንጩ ላይ ጣሉት። በሳምንቱ ቤላይድ ባንዳ ገባ።

«እንደምን አደርሽ እማ» አለ። መልስ አላገኘም።


ኖቬምበር 19

የኬላው ፈረንሳዊ መቶ አለቃ ሁላችንንም አደባባይ ሰበሰበን። ሴቶቹ ከወይራው ሥር ሆነው ያወጡት ግጥም ጆሮው ገብቷል።

መቶ አለቃው ወጣ ጠመንጃ ወልውሎ፣
ዶሮ ማርኮ ገባ ጀግና ነኝ ብሎ።

«ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ማነው?» ተባለ። ቤላይድ ወደኔ አየ። ማየት ብቻ ነው ያደረገው፤ እሱም በቂ ሆነ፣ ጎትተው አወጡኝ። መቶ አለቃው ፊት ቆሜ ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ምን ላድርግ? መጀመሪያ የሳቁት የራሱ ወታደሮች ናቸው። ያ ነው ያሳበደው።

«ማነው የገጠመው?»

«ከምንጭ የመጣ ነው» አሉ ናና ጁሐር። «ውሃ ስንቀዳ አብሮ ተቀዳ።»

እኛ ጋ የግጥም መልስ ይኸው ነው። ግጥም ባለቤት የለውም፤ ካፍ ከወጣ በኋላ የኔ ነው የሚል ነውረኛ ነው። እሱ ግን ይህን አያውቅም፣ ያሾፍንበት መሰለው። ማልሓን በዱላ ትከሻዋ ላይ መታት፣ አጥንቷ ሲሰበር ተሰማኝ። አጠገቧ ነበርኩ። ከዚያ ወታደሮቹን አዞ የመንደሩን ዶሮ በሙሉ አስረሸነ። በየግቢው እየገቡ፣ ጫጩት ሳይቀር። አንዲት ሴት ዶሮዋን አቅፋ አልሰጥም ብትል ዶሮዋን እዚያው እቅፏ ውስጥ ተኮሱባት። ጥይቱ ዶሮዋን አልፎ እጇን ወሰደው።

ማን እንደገጠመው አውቃለሁ። እዚህም ቢሆን አልጽፈውም።


ኖቬምበር 20

መንገዱ ሁሉ ላባ ነው። ሴትዮዋ ሌሊቱን ሞተች። ለአንዲት ዶሮ ግጥም!


ዲሴምበር 2

ወታደሮቹ የመንደራችንን ሴት የዋርዲያን ልጅ ገደሉት። ኢዲርን። ገና ጢሙ እንኳ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ።

በጂፕ እየጎተቱ አምጥተው አደባባዩ ላይ ዘረጉት። ጀርባው ላይ ቆዳ አልቀረም። ከዚያ ሴቶቹን አንድ በአንድ አሳለፉን። አሁን አሁን ዘዴያቸውን አውቀነዋል። ያለቀሰች እናቱ ናት፣ ወይ እህቱ ናት፤ ቤቷ ይቃጠላል። የተራራዎቹም ልከውብናል፣ ማንም እንዳታለቅስ ብለው። እንግዲህ ከሁለቱም ወገን ማልቀስ ክልክል ነው።

ዋርዲያ አለፈች። እጇን ከሻሿ ሥር ነክሳ ነበር። ዞር ካልን በኋላ ደሙ በክርኗ ሲወርድ አየሁት።


ዲሴምበር 3

ናና ጁሐር አላስችል አላቸው። ማታ ከወይራው ስንመለስ ጀርባቸውን ወደ ኬላው አዙረው ለኢዲር አወረዱለት፦

ከምንጩ ማዶ ያለሽ በለስ፣ ብቻሽን ቆመሽ፣
የሚወጣብሽ ልጅ ቀረ፣ ለማን ልትበስዪ ነሽ?

ሴቶቹ በለሆሳስ ተቀበሉ። ዋርዲያ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ቤት ገብተን ተጣላኋቸው። «ከምንጩ ማዶ በለስ ያለው ማን ቤት ነው? አንድ ቤት ብቻ ነው! ለምን አድራሻዋን አይሰጧቸውም?»

«ሙሾ ያልወረደለት ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቀራል ልጄ። ልጁን በብርድ አቁሜ ልተኛ?»

«የሞተው ሞቷል። ለቆመው ይዘኑ።»

«አንቺ ልብሽን ሲስተሮቹ ጋ ነው የተውሽው» አሉኝ። ምግብ ሳልበላ ተኛሁ።


ዲሴምበር 5

የዋርዲያ ቤት ተቃጠለ። መጀመሪያ የዘይቱን ጋኖች በጠመንጃ ሰደፍ አንድ በአንድ ሰበሩ፣ ዘይቱ በደጃፉ ወረደ፣ ከዚያ ክብሪት ጫሩበት። በለሷንም ቆረጧት። ዋርዲያን በፀጉሯ ጎትተው ወደ ካምፕ ወሰዷት።

ቤላይድ ነው ይላል ሰው ሁሉ። ቤላይድ ያቺን በለስ ያውቃታል፤ ልጅ ሆኖ ከአረዝቂ ጋር እየወጡባት ስንቴ ተገርፈዋል።

እኔ ለናና ጁሐር «አፍዎ ነው ያቃጠለው» አልኳቸው። በደህና ቀን ቢሆን በጥፊ ይሉኝ ነበር። ማታ ጎታው ሥር ተቀምጠው «ከእንግዲህ አፌን ከፈትኩ ማለት ዘበት ነው» አሉ። ለኔ አልነበረም። ለግድግዳው ነው የነገሩት።

ስላልኳቸው አልጸጸትም። እውነት ነው የተናገርኩት።


ዲሴምበር 8

ካምፕ ጠሩኝ። ለማስተርጎም።

አልጽፈውም ብዬ ነበር። ዋርዲያን ሰሌዳ ላይ አስረዋታል። ፊቷን በጨርቅ ሸፍነው ውሃ ያንቆረቁሩበታል። ጨርቁን ሲያነሱ እኔ እጠይቃታለሁ። «ልጅሽ ከነማን ጋር ነበር በያት» ይለኛል፤ «ዋርዲያ፣ ልጅሽ ከነማን ጋር ነበር ይሉሻል» እላታለሁ። ደግመው ይሸፍኗታል። ሆዷ አብጦ የነፍሰ ጡር መስሏል። አንዱ በጉልበቱ ወጣበት።

እኔ መጠየቅ ብቻ ነው ያደረግኩት። ድምፄን እንኳ ከፍ አላደረግኩም።

ስወጣ ቤላይድ በሩ ላይ ነበር። ሲጋራውን ጥሎ ረገጠው። «ታሳዲት፣ ስሚኝ። ወንድሜ እንዳይመጣ። ወደ ቤት እንዳይመጣ ላኪበት።»

«ወንድምህ ማነው?» አልኩት።

«ብሰማ ‹ሰማሁ› ማለቴ አይቀርም፣ ባይ ‹አየሁ› ማለቴ አይቀርም። እንዳልሰማ አድርጊ። እባክሽ።»

ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። ባንዳ ምክር ሊሰጠኝ!


ዲሴምበር 10

ዋርዲያን ኬላው ጋ ጥለዋት ሄዱ። በብርድ ልብስ ተሸክመን አስገባናት፣ እኛ ቤት ነው የሞተችው። አፏ ውስጥ አሸዋ ነበር። ናና ጁሐር አጠቧት፣ ገነዟት፣ ከንፈራቸውን ነክሰው። ሙሾ አላወረዱም። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ዓይን ዓይናቸውን ሲያዩ መሸ፣ ከዚያ ተነስተው ሄዱ።

ማልሓ በታሰረ ክንዷ በሩ ላይ አቆመችኝና «አማትሽን ምን አደረግሻቸው?» አለችኝ። ምን አደርጋቸዋለሁ?


ዲሴምበር 27

ዝናብ። ወይራው መሬት ላይ እየበሰበሰ ነው፣ መውጫ ፈቃድ ከለከሉን። ከላይ፣ ከተራራው በኩል አውሮፕላን ቦምብ ይጥላል። ጎታው ይንቀጠቀጣል።

አረዝቂ እዚያ ይሁን አይሁን አላውቅም። ስለሱ አላስብም። ካሰብኩ እጄ ሥራ እምቢ ይለኛል።

ናና ጁሐር ቃላቸውን ጠብቀዋል። ዝምታቸው ቤቱን ሞልቶታል። አንዳንዴ ምነው ባንጎራጎሩ እላለሁ።


ጃንዋሪ 12፣ እሑድ

የናየር። አዲስ ዓመታችን። በየቤቱ ኩስኩስ በዶሮ የሚበላበት ቀን ነው፤ በመንደሩ ግን አንድ ዶሮ የለም። ናና ጁሐር ኩስኩሱን በባቄላና በደረቀ በለስ ሠሩት። እንደ ወጉ በገበታው ዙሪያ ለሌለውም ሰው ማንኪያ አስቀመጡ። አንድ ለአረዝቂ። ቀጥለው ሌላ ማንኪያ አወጡ፣ እጃቸው ላይ ይዘው ቆዩ፣ መልሰው አስገቡት። ለማን እንደነበር አልጠየቅኳቸውም።

ልንተኛ ስንል በከብቶቹ በኩል ያለው ግድግዳ ተቧጠጠ።

አረዝቂ! ጢሙ ደረቱ ጋ ደርሷል። ጫማው ውስጥ እግሩ ቆስሎ ተጣብቋል፣ በሞቀ ውሃ ነው ያላቀቅነው። እናቱ ጉንጩን በሁለት እጃቸው ያዙት። በራሱ ማንኪያ በላ። «እማ ዶሮዋስ?» ቢል ሳቃችን አመለጠን፣ የመቶ አለቃውን ግጥም ነገርኩት። ትራሱን አፉ ላይ አድርጎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ማነው የገጠመው?» አለኝ። ጆሮው ውስጥ ነገርኩት። «አንቺ?» አለ። «አንቺ ዘፈን የማትወጂው?»

እንግዲህ ተጻፈ። ይጻፍ። ዛሬ ምንም አልፈራም።

አሁን ተኝቷል። ጎህ ሳይቀድ ወደ ገደሉ ይወርዳል፣ በለስ ማድረቂያው ጎጆ ውስጥ ቀኑን ተደብቆ ሲመሽ ወደ ጓዶቹ ይሄዳል። ያንኮራፋል። ባሌ ያንኮራፋል! በዚህ ድምፅ የተበሳጨሁባቸውን ሌሊቶች አሰብኩና በራሴ ሳቅኩ። ክንዱን ጭንቅላቴ ሥር አስገብቶ ነው የተኛው፤ አንስቼው ነው ይህን የምጽፈው፣ አሁን መልሼ አስገባዋለሁ።


ጃንዋሪ 13፣ ጠዋት

በሰላም ወጣ። ውሻ እንኳ አልጮኸም።

እንቅልፍ ስላልመጣልኝ ገብስ ፈጨሁ። ብዙ ፈጨሁ፣ ክንዴ አልደከመኝም። ናና ጁሐር ከጓዳ ብቅ ብለው ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ከአጥሩ ሥር የወታደር ጫማ ተሰማ፣ ቅኝቱ ነው። ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። ጫማው ቆም አለ። ከዚያ አለፈ። ማንም አላንኳኳም። እግዜር ይመስገን።

«ምነው?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።


ያው ዕለት

ተኩስ። ከገደሉ በኩል። ብዙ። ከዚያ አንድ። ከዚያ ምንም።

ሌላ ሰው ይሆናል። ገደሉ ሰፊ ነው።


ጃንዋሪ 14

አደባባዩ ላይ ሁለት ሬሳ። አንዱን አላውቀውም። የሌላው ፊት በሰደፍ ተደብድቦ ፊት አልቀረለትም። ግን እግሩ፤ ከትናንት ወዲያ ማታ የቀባሁት የወይራ ዘይት በቁስሉ ጠርዝ ያብለጨልጫል። የጠቀለልኩበት ጨርቅ ከሻሼ የተቀደደ ነው። የቀረው ሻሽ ራሴ ላይ ነበር። አውልቄ ብብቴ ውስጥ ወሸቅኩት።

ሴቶቹን አሰለፉን። መቶ አለቃው ወንበር አስመጥቶ ተቀምጧል። እኔን አጠገቡ አቆመኝ፣ ለትርጉም። እንግዲህ ባሌ እግሬ ሥር ወድቆ እኔ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። አላለቀስኩም። ቅማል ያህል እንባ አልወጣኝም። እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ሴቶቹ አለፉ። ማልሓ አለፈች። ናና ጁሐር መጡ። ልጃቸው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አንድ ጊዜ ብቻ ቁልቁል አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ከመቶ አለቃው ኋላ ወደቆመው ወደ ቤላይድ ሄዱ፣ ደረቱ ጋ ደረሱ፣ ሻሻቸውን አውልቀው ፀጉራቸውን ፈቱ። ያ የተቆለፈ አፋቸው ተከፈተ።

ቤላይድ ልጄ ዋ፣ ጡቴን የጠባኸው፣
በየትኛው ጉድጓድ ወድቀህ ነው የቀረኸው?
ጫማህ ቆሞ አየሁት፣ ቆብህን አየሁት፣
ሰውየውን ግን በዓይኔ ፈልጌ አጣሁት።

ሙሾ! በቁሙ ላለ ሰው! እኛ ጋ ይህ ለቀልድም አይደረግም። ልጆች እንኳ ሲጫወቱ ሙሾ ቢሞክሩ አፋቸው ላይ በርበሬ ነው የሚደረገው። ሙሾ የወረደለት ሰው ሞቷል፤ ሰላምታ የሚሰጠው፣ አብሮት የሚበላ፣ ስሙን የሚጠራ አይኖርም። ሊያነሳለት የሚችለው ያወረደው አፍ ብቻ ነው። ሴቶቹ መጀመሪያ ክው አሉ። ቀጥሎ ማልሓ ተቀበለች። ከዚያ ሁሉም። ደረታቸውን እየደቁ፣ ፊታቸውን እየነጩ ተቀበሉ። ያ ሁሉ የኢዲር፣ ያ ሁሉ የዋርዲያ ልቅሶ ታምቆ የኖረው ወጣ።

«ለማን ነው የምታለቅሰው?» አለኝ መቶ አለቃው ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

«ለሱ» አልኩት፣ ወደ ቤላይድ እያመለከትኩ።

«እሱ አልሞተም።»

«እኛ ጋ ሞቷል።»

ቤላይድን ቀና ብዬ አየሁት። የቤላይድ ፊት አመድ መስሏል። «እማ ተይ» ይላል፣ «እማ ተይ፣ በጡትሽ ይዤሻለሁ።» እሳቸው ደግመው ከመጀመሪያው አነሱት።

«አፏን ዝጋ!» አለ መቶ አለቃው። ቤላይድ አልተንቀሳቀሰም። መቶ አለቃው ሽጉጡን አውጥቶ ማጅራቱ ላይ ደገነ። «ዝጋ!»

ቤላይድ በሰደፍ መታቸው። አፋቸውን። ድምፁ የደረቀ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነበር። ወደቁና በጉልበታቸው ተነሱ፤ ሊዘፍኑ ሞከሩ፣ የወጣው ደምና ጥርስ ነው። ደገመው። እያለቀሰ ነበር የደገመው።

አረዝቂን ከካምፑ ጀርባ ቆሻሻ የሚጣልበት ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት። የማን ልጅ እንደሆነ እስካሁን አላወቁም። ቤታችን ቆሟል።


ጃንዋሪ 16

መንጋጋቸውን በሻሽ አሰርኩት። በሻሼ። የገብስ አጥሚት በማንኪያ አሾልካለሁ፣ ግማሹ ይፈሳል። ያዩኛል። ሌት ተቀን ዓይናቸውን ከኔ ላይ አያነሱም።

ምን አድርጌ ነው? እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ማልሓ እንኳ መምጣቱን አላወቀችም። አፌ እንደሁ ተዘግቶ የኖረ አፍ ነው።


ጃንዋሪ 17

ማልሓ ዱቄት አበደረችኝ። «ገብስ አላችሁ አይደል እንዴ፣ ለምን አትፈጪም?» አለችኝ። ክንዴን ያመኛል አልኳት።


ጃንዋሪ 19

ቤላይድ መጣ። አመሻሹ ላይ፣ ጠመንጃ የለውም፣ ቆብ የለውም። በመንደሩ መሐል ሲመጣ ሰው ሁሉ እንደሌለ ቆጥሮ አሻግሮ ነው ያየው። አንዱም ልጅ ድንጋይ እንኳ አልወረወረበትም።

ደጃፉን አላለፈም። «እማን ልትጠሪልኝ ትችያለሽ? ታንሳልኝ። ሌላ አልፈልግም። ከዚያ ያሻችሁን አድርጉኝ።»

«በምን አፋቸው?» አልኩት።

በሩን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ካምፕ ውስጥ እንኳ የኛ ልጆች ውሃ አያቀብሉኝም። አብሬያቸው ባንዳ የሆኑት! እህል ጉሮሮዬ አይወርድም ታሳዲት።»

«ወንድምህን ሸጠህ እህል አማረህ?»

ያኔ ቀና አለ። «አልሸጥኩም። በአጥሩ ሥር ስናልፍ ወፍጮሽን ሰማሁ። ‹ቀስ በይ ወፍጮዬ› ስትዪ። ያቺን ዜማ ስሰማ እግሬ ራሱ ቆመ። ልጅ ሆነን በዚያ ድምፅ ነው የምንነቃው፣ እኔና እሱ፣ በአንድ ብርድ ልብስ። ፈገግ ብያለሁ መሰለኝ። አስር አለቃው ‹ምን ሰማህ?› አለኝ። ‹ወንድሜ ቤቱ ገብቷል› አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። እንደ ድሮው አመለጠኝ። ከዚያ ሽጉጥ ደገኑብኝ፣ የት ይደበቃል አሉኝ፣ ልጅ ሆነን ወደምንደበቅበት ጎጆ መራኋቸው፤ የማን ቤት እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። እሱን አልክድም። መራኋቸው።»

«አልዘፈንኩም» አልኩት።

«ታሳዲት።»

«እኔ ዘፈን አልወድም። ሁሉም ያውቃል።»

«እንግዲያው ማነው የዘፈነው?»

በሩን ዘጋሁበት። ዞር ስል ናና ጁሐር ከመኝታቸው ተነስተው ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። አዲስ ነገር የሰማ ሰው ፊት አልነበረም። ያን ጠዋት ከጓዳ ሲወጡ ነው የሰሙት። ይህን ሁሉ ቀን ሲያዩኝ የከረሙት ለዚህ ነው። ለሰውም አልተናገሩም፤ በጣታቸው ሊያመለክቱ ይችሉ ነበር፣ አላመለከቱም።

ከውጭ ቤላይድ ብዙ ሰዓት «እማ፣ እማ» ሲል ነበር። እሳቸው ወደ በሩ ሄደው እጃቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ። አልከፈቱም።


ጃንዋሪ 20

ቤላይድ ምንጩ ላይ ተገኘ። አባቱ የተጣለበት ቦታ። ጉሮሮው የታረደው በራሱ ሳንጃ ይሁን በሌላ ሰው ካራ ማንም አላጣራም። ውሃ ልንቀዳ የሄድን ሴቶች ዙሪያውን ቆምን። ማንም ሙሾ አላወረደም፣ የሱ አስቀድሞ ወርዷል። ናና ጁሐር ብቻ ጎንበስ ብለው የካኪውን አንገትጌ ቆለፉለት፣ ብርድ እንዳይገባው።


ፌብሩዋሪ 3

አረዝቂ እስከ ዛሬ ያለ ሙሾ ነው። እኔ በነዚህ ነገሮች አላምንም። ግን ማታ ማታ ከብቶቹ በግድግዳው በኩል ይደነግጣሉ። የሱ ቦታ ነው፣ የገባበት።

ዛሬ ጠዋት ናና ጁሐር ገብሱን ራሳቸው ወፍጮው ላይ አፈሰሱ። መጥተው እጄን ያዙኝ። አልፈጭም አልኩ። ጎተቱኝ። የወፍጮውን እጀታ አስጨበጡኝ፣ እጃቸውን በእጄ ላይ አድርገው አንድ ዙር አዞሩት። ከዚያ ያንን የተጣመመ አፋቸውን ከፈቱ፤ እህህ የሚል ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣው። ጠበቁኝ። ልጃቸው ደጅ ቆሟል፣ አፍ ያለኝ ደግሞ እኔ ነኝ።

«እማ» አልኩ። እስከ ዛሬ እማ ብያቸው አላውቅም። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ወፍጮውን በጣታቸው መቱት። ፍጪ ነው የሚሉት። ፈጨሁ። እየፈጨሁ፣ ሳላስበው ሳይሆን አስቤበት፣ አወረድኩለት፦

ዝም ያለች ሚስት ነበረች፣ አፏን የቆለፈች፣
አንድ ጠዋት ብትዘፍን ባሏን አሳረደች።
ፍጪ ገብስሽን ፍጪ፣ ዱቄቱን ማን ይብላው?
ሞልቷል ያልሽው ቤትሽን አፍሽ ባዶ አረገው።

ጮክ ብዬ ነው። ከአጥር ውጭ ቅኝት ይለፍ አይለፍ ግድ አልሰጠኝም። ናና ጁሐር ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ለልጃቸው አለቀሱ።


ፌብሩዋሪ 11

መውጫ ፈቃድ ሰጡን፤ የተረፈውን ወይራ ለመልቀም ወረድን። የማዶ መንደር ሴቶች ከሸለቆው ወዲያ ይለቅማሉ። እንደ ልማዳቸው ግጥም ወረወሩልን።

ዝም ያለች ሚስት ነበረች፣ አፏን የቆለፈች...

እጄ ላይ የነበረው ወይራ ፈሰሰ። በሳምንት ውስጥ ሸለቆ ተሻግሮ፣ ዜማው ትንሽ ተቀይሮ፣ መጨረሻው ላይ «እፍ በይ፣ አፈር ይብላሽ» የሚል እርግማን ተጨምሮበት መጣ። እኔ አይደለሁም የጨመርኩት።

ማልሓ ጎንበስ እንዳለች «ይቺ ደግሞ ምን ያለች ጉድ ናት? ማን ትሆን ሴትዮዋ?» አለችኝ።

ናና ጁሐር ከግንዱ ሥር ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት። «ከምንጭ የመጣች ናት።»

ማዶዎቹ መልስ እየጠበቁ ነበር። የኛዎቹ ተቀበሉ። እኔም ወይራዬን እየሰበሰብኩ፣ እርግማኑ ጋ ሲደርስ ድምፄን ከሁሉም ከፍ አድርጌ ተቀበልኩ።